የሲግናል ነጸብራቅ (ማስተላለፊያ መስመር)

የሲግናል ነጸብራቅ በኮአክሲያል ገመድ፣ በስልክ ሽቦ ወይም በሌላ ማስተላለፊያ መስመር የሚጓዝ የኤሌክትሪክ ሞገድ ኢምፒዳንስ በድንገት ከሚለወጥበት ቦታ ሲደርስ ከፊሉ ወደ ምንጩ የሚመለስበት ክስተት ነው። ይህን ለማስቀረት የጭነቱን ኢምፒዳንስ ከመስመሩ ጋር ማስተካከል ኢምፒዳንስ ማጣጣም ይባላል። መስመሩ ራሱ ኃይል የሚያባክን ከሆነ ነጸብራቁ ከምንጩ በኩል ሲለካ ከእውነተኛው አንሶ ይታያል፤ በአንቴና ሥራ ብዙ ስህተት የሚፈጠረው ከዚህ ነው።

መንስኤ

እያንዳንዱ መስመር ባሕርያዊ ኢምፒዳንስ አለው። በኦም ይለካ እንጂ የሽቦው ሬዚስታንስ አይደለም፤ በተራ መልቲሜትር ቢፈለግም አይገኝም። ወደ ፊት በሚጓዘው ሞገድ ውስጥ ቮልቴጁ ከጅረቱ ጋር ያለው ውድር ሲሆን የገመዱ ርዝመት አይለውጠውም። የሚወስኑት የሽቦዎቹ ውፍረት፣ ርቀታቸውና በመካከላቸው ያለው ማገጃ ቁስ ናቸው። ለቴሌቪዥን 75 ኦም፣ ለሬድዮ ማሰራጫ 50 ኦም፣ ለኢተርኔት ገመድ ደግሞ 100 ኦም የተለመዱ ናቸው።

የመስመሩ ኢምፒዳንስ «ባ»፣ የጭነቱ «ጭ» ቢባል፦

የቮልቴጅ ነጸብራቅ = (ጭ − ባ) ÷ (ጭ + ባ)

ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ውጤቱ 0 ነው። ጫፉ ክፍት ከሆነ 1፣ ሾርት ከሆነ −1 ይሆናል፤ በሁለቱም ሞገዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። የ50 ኦም ገመድ ከ75 ኦም ጭነት ጋር ቢገናኝ 25 ÷ 125 = 0.2 ይሆናል። ኃይል የቮልቴጅን ስኩዌር ስለሚከተል የሚመለሰው ኃይል 4 በመቶ ብቻ ነው።

ብክነት የሚደብቀው ነጸብራቅ

በእውነተኛ ገመድ ሞገዱ እየተጓዘ ይዳከማል። ከፊሉ ኃይል በመዳቡ ሬዚስታንስ፣ ከፊሉም በማገጃው ውስጥ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ድግግሞሹ ሲጨምር ብክነቱም ይጨምራል።

ለምሳሌ 10 ዴሲቤል የሚያባክን ገመድ ጫፍ ላይ አንቴናው ተበጥሶ ወድቋል እንበል። ከማሰራጫው 100 ዋት ቢላክ ጫፉ ጋ የሚደርሰው 10 ዋት ነው። ይህ ሁሉ ይመለሳል፤ በመልስ ጉዞውም እንደገና ተዳክሞ ማሰራጫው ጋ 1 ዋት ብቻ ይደርሳል። በዚያ የተቀመጠ መለኪያ የቋሚ ሞገድ ውድርን 1.22 ያህል ያነባል፤ ይህም እጅግ ጥሩ የሚባል ቁጥር ነው፤ ከአንቴናው ግን ምንም አይወጣም። ብክነቱ 3 ዴሲቤል ቢሆን ንባቡ 3 ገደማ ስለሚሆን ችግሩ ይጋለጥ ነበር። በዚሁ ምክንያት ውኃ የገባበት አሮጌ ገመድ ከአዲስ ገመድ የተሻለ ንባብ ሊሰጥ ይችላል።

ስለዚህ መለኪያውን አንቴናው አጠገብ ማድረግ ይመረጣል። ካልተቻለ የገመዱ የአንድ ጉዞ ብክነት እጥፍ ከስሌቱ ይወጣል። ማጣጣሚያውም ቢሆን ማሰራጫው ጋ ሲቀመጥ የሚጠቅመው ማሰራጫውን ነው፤ በገመዱ ውስጥ የሚመላለሰው ሞገድ ግን እንዳለ ይቀራል፣ በእያንዳንዱ ጉዞም ይባክናል። ገመዱ ብዙ የሚያባክን ከሆነ ማጣጣሙ በአንቴናው በኩል መሆን አለበት።

ይኸው ባሕርይ ሆን ተብሎም ይሠራበታል። በላቦራቶሪ በሁለት መሣሪያዎች መካከል 3 ዴሲቤል የሚያዳክም ክፍል ሲገባ፣ የሚመለሰው ኃይል በከፋው ሁኔታ እንኳ ከተላከው ሩብ አይበልጥም።

የሄቪሳይድ ሁኔታ

በሚያባክን መስመር ባሕርያዊ ኢምፒዳንሱ ውስብስብ ቁጥር ነው፣ ከድግግሞሽ ጋርም ይለዋወጣል። በስልክ ሽቦ ላይ በድምፅ ድግግሞሾች ይህ ጎልቶ ስለሚታይ አንድ ሬዚስተር ብቻውን ሁሉንም ድግግሞሽ ማጣጣም አይችልም፤ ካፓሲተር ይጨመርበታል።

እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሄቪሳይድ በ1887 እ.ኤ.አ. የሬዚስታንስና የኢንዳክታንስ ውድር ከማገጃው ፍሳሽና ከካፓሲታንስ ውድር ጋር እኩል ከሆነ፣ ሲግናሉ ቢዳከምም ቅርጹ እንደማይዛባ አሳየ። በዚህ ሁኔታ ባሕርያዊ ኢምፒዳንሱ ከድግግሞሽ ጋር የማይለወጥ ተራ ቁጥር ይሆናል። የዘመኑ ገመዶች ኢንዳክታንሳቸው በጣም አነስተኛ ነበር። በመስመሩ ላይ በየርቀቱ ጥቅል ሽቦ በማስገባት ይህን ለማሟላት ማይክል ፑፒን በ1900 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የፈጠራ መብት አግኝቷል፤ ዘዴው የረጅም ርቀት የስልክ መስመሮችን ለማራዘም አስችሏል።