የአራዳ ቤቶች፦ ሶሻል ዲሞክራሲ ለኢትዮጵያ አማራጭ ሊሆን ይችላልን?

መግቢያ

በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ስለ ሀብትና ስለ ድህነት ብዙ ይሰበካል፤ ስለ ኢኮኖሚ ሥርዓት ግን ጥቂት ይነገራል። ለዝምታው ምክንያት አለ። «ሶሻሊዝም» የሚለው ቃል በአንድ ትውልድ ጆሮ የተዘጋ ጸሎት ቤትን፣ የተወረሰ ሕንፃን፣ የታሰረ ሽማግሌን ያስታውሳል። የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. መወረሱን፣ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው መገደላቸውን የሚያውቅ ምእመን ከዚያ ቃል ቢሸሽ አይፈረድበትም። ሸሽቶ የሚጠጋበት ግን ብዙ ጊዜ ሳይመረምር የተቀበለው የአሜሪካ ዓይነት ካፒታሊዝም ነው። ይህም ከብልጽግና ወንጌል ጋር ተጣብቆ ባለጠግነትን የእምነት ፍሬ፣ ድህነትን የእምነት ጉድለት አድርጎ ያቀርባል።

ከሁለቱ ሌላ መንገድ አለን? ሶሻል ዲሞክራሲ የሚባለው መልስ «አለ» ይላል። የግል ንብረትንና ገበያን አይሽርም፤ በነጻ ምርጫ ይገዛል፤ ነገር ግን በግብር፣ በሠራተኛ ማኅበራትና በማኅበራዊ ዋስትና አማካይነት ሕመም፣ እርጅናና ሥራ ማጣት ሰውን ከመሬት እንዳይጥሉት ያደርጋል። ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በአንድ ሠፈር ታሪክ ላይ ሊፈትነው ይሞክራል። አራዳን የመረጥነው የገበያውንም የመንግሥትንም ሥርዓት በየተራ ያየ ሠፈር በመሆኑ ነው። መመዘኛችንም ቤት ነው፤ ቤቱ የማን ነው? ኪራዩን የሚወስነው ማን ነው? ተከራዩ ሲነሣ ማንን ይጠይቃል?

የባለ ርስቶቹ አራዳ

አራዳ የአዲስ አበባ የመጀመሪያ ትልቅ ገበያ ነው። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ የተሰባሰበው ንግድ የአርመን፣ የግሪክና የሕንድ ነጋዴዎችን ሱቆች ሳበ፤ የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሲከፈት የከተማይቱ ገንዘብ በዚሁ ዙሪያ መዞር ጀመረ። በምኒልክ የመጨረሻ የሥልጣን ዓመታት የከተማ መሬት በግል የሚያዝና የሚሸጥ ሆነ። ጣልያን ከ1928 ዓ.ም. በኋላ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ ሲያዛውር ለአራዳ «ፒያሳ» የሚለውን ስም ትቶለት ሄደ።

ከነጻነት በኋላ መሬቱ በመኳንንቱ፣ በቤተ ክህነትና በጥቂት ባለጸጎች እጅ ነበር። አብዛኛው ነዋሪ ተከራይ ሲሆን፣ በዋናው መንገድ ከተደረደሩት የድንጋይ ሕንፃዎች ጀርባ የጭቃ ቤቶች ተጠጋግተው፣ ብዙ አባወራ በአንድ ግቢና በአንድ መጸዳጃ ይኖር ነበር። ባለቤቱ ኪራይ ሲጨምር ወይም «ልቀቅ» ሲል ተከራዩ የሚያቆመው ሕግ አልነበረውም ማለት ይቻላል። ገበያው ቤት ሠርቷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ለድሃው ግን ቤት እንጂ ዋስትና አልሰጠውም።

አዋጅ ቁጥር 47

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት የሚያደርገውን አዋጅ ቁጥር 47/1967 አወጣ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደረገ። ከ300 ብር ያልበለጠ ወርሃዊ ኪራይ እንደ መጠኑ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። መቶ ብርና ከዚያ በታች የሚከራዩት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ።

በዚያች ክረምት በአራዳ ጓዳዎች የተሰማው ደስታ እውነተኛ ነበር። የጉልት ነጋዴዋ፣ ልብስ ሰፊው፣ ሊስትሮው ከከተማው እምብርት ሳይነቀሉ ልጆቻቸውን ማሳደግ የቻሉት በዚህ አዋጅ ነው። በየአጥቢያችን ያሉ አረጋውያን እናቶች እስከ ቅርብ ጊዜ በጥቂት ብር ኪራይ መኖራቸው ከዚህ የመጣ ነው። ስለ አዋጁ ስንፈርድ ይህን መዝለል ሐሰተኛ ምስክርነት ይሆናል።

ጉድለቱ ግን ውሎ አድሮ ታየ። መንግሥት ቤቶቹን ወሰደ እንጂ በሚበቃ መጠን አዲስ አልሠራም። ኪራዩ ጣሪያ ለማደስ እንኳ የማይበቃ ሲሆን፣ ተከራዩ ደግሞ የራሱ ላልሆነ ቤት፣ ያውም ያለ ቀበሌ ፈቃድ፣ ገንዘቡን ሊያወጣ አልቻለም። ግድግዳው እየዘመመ፣ ልጆች በቆጥ ላይ እየተኙ አርባ ዓመት አለፈ። ከዚህ የከፋው ሌላ ነበር። ያው አዋጅ ያቋቋመው የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ቀበሌ፣ ለጎረቤታሞች መረዳጃ ተብሎ ተጀምሮ በቀይ ሽብር ዘመን የአፈናና የግድያ መሣሪያ ሆነ። የቤቱን ቁልፍ የያዘው እጅ የእስር ቤቱንም ቁልፍ ያዘ።

እዚህ ላይ ከቪየና ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ የቪየናን ከተማ ያስተዳደሩት ሶሻል ዲሞክራቶችም በጠባብ ክፍል የታጨቀ ሠራተኛ ነበራቸው። እነርሱ ግን በምርጫ ሥልጣን ይዘው እ.ኤ.አ. በ1923 የቤት መሥሪያ ግብር ጣሉ፤ ግብሩ በቅንጡ ቤቶች ላይ ይከብዳል፣ በድሃው ላይ ይቀላል። እስከ 1934 ከ60 ሺህ በላይ መኖሪያዎችን ሠርተው አከራዩ። ሁለቱም «ቤት ለድሃው» ብለዋል፤ ልዩነቱ በመንገዱ ላይ ነው። አንዱ ያለውን ወረሰ፣ ሌላው ግብር ሰብስቦ ያልነበረውን ሠራ። አንዱን ሕዝብ በድምፁ ሊያወርደው ይችል ነበር፤ ሌላውን ማንም ሊጠይቀው አልቻለም። ስለዚህ የደርግን ውድቀት ጠቅሶ ሶሻል ዲሞክራሲን «ሞክረነው አልሠራም» ማለት ትክክል አይደለም፤ አልሞከርነውምና።

ያልበቀሉት ዘሮች

ዘሩ ግን በአገራችን አልጠፋም ነበር። በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በየካቲት 1966 ዓ.ም. መጨረሻ አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ሲጠራ ጥያቄዎቹ ዝቅተኛ ደመወዝ፣ ጡረታና የመደራጀት መብት ነበሩ። እነዚህ በስካንዲኔቪያ ሶሻል ዲሞክራሲ የቆመባቸው ምሰሶዎች ናቸው። አድማው ከመንግሥት ጋር በድርድር ተቋጨ። በወዝ አደሩ ስም የመጣው ደርግ ግን ማኅበሩን በ1968 ዓ.ም. አፈረሰው፤ በምትኩም በ1969 ዓ.ም. ከላይ የሚታዘዝ ማኅበር ተተካ።

ሁለተኛው ምሳሌ ከከተማ ውጭ ነው። የሶሻል ዲሞክራቶች አገር የነበረችው ስዊድን በ1960 ዓ.ም. በአርሲ የጭላሎን የእርሻ ልማት፣ «ካዱ»ን፣ መርዳት ጀመረች። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ መጡ፤ ምርቱም አደገ። መሬቱ ሲያተርፍ ግን ባለ ርስቶች በትራክተር ራሳቸው ማረስ ጀመሩ፤ ሊረዱ የታሰቡት ጭሰኞች ተፈናቀሉ። ስዊድን የጭሰኝነት ሕግ እንዲሻሻል ብትወተውትም ረቂቁ ከባለ ርስቶች ምክር ቤት ሳይጸድቅ ቀረ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ሶሻል ዲሞክራሲ በዕርዳታ የሚላክ ዕቃ አይደለም። ደካማው በሕግ ፊት ድምፅ በሌለበት ቦታ ልማቱ ራሱ ማፈናቀያ ይሆናል።

ከሊዝ እስከ ኮሪደር

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የመጣው ሥርዓት ከሁለቱም ወሰደ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ አቆየው፤ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ የወጡት የሊዝ አዋጆች ደግሞ ያንኑ መሬት በጨረታ ዋጋ የሚተላለፍ አደረጉት። ውጤቱ ለመሰየም ያስቸግራል። መንግሥት እንደ ሶሻሊስት የመሬቱ ብቸኛ ጌታ ነው፤ እንደ ባለ ርስትም ከፍ ያለ ዋጋ ለሚከፍል ይሰጣል። የቀበሌ ተከራዩ በከተማው ውድ መሬት ላይ የተቀመጠ ርካሽ ተከራይ ሆነ፤ ይህም አንድ ቀን መነሣቱ አይቀሬ መሆኑን ያሳያል።

ያ ቀን በ2016 ዓ.ም. መጣ። በኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ የመሳሰሉት የፒያሳ መንደሮች ፈረሱ፤ ነዋሪዎቹም እንደ ገላን ጉራና ቦሌ አራብሳ ወዳሉ የከተማይቱ ዳርቻዎች ሄዱ። የሚዛናዊ ሰው ፍርድ ሁለቱንም ያያል። የፈረሱት ቤቶች ብዙዎቹ ለሰው ክብር የማይመጥኑ ነበሩ፤ የተሰጣቸው ምትክ ቤት ውኃና መጸዳጃ ያለው ከሆነ በረከት ነው። ነገር ግን ስሟ በመዝገብ ያልሠፈረ ደባል፣ እንጀራ ለፒያሳ ምግብ ቤቶች ታቀርብ የነበረች እናት፣ ሀያ ዓመት የከፈሉበት ዕድር የተበተነባቸው ሽማግሌ፣ ያጡት በካሳ ስሌት ውስጥ የለም። የካሳ አዋጁ፣ ቁጥር 1161/2011፣ ስለ ማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ መናገሩ መልካም ጅምር ነው፤ ጥያቄው ድሃው ከመነሣቱ በፊት ተጠይቆ መልስ የሚሰጥበት ጊዜና መድረክ ማግኘቱ ነው።

ስካንዲኔቪያ ባለጸጋ ሳይሆን

«ይህ ለሀብታም አገር ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ቀላል ተቃውሞ አይደለም። የስዊድን ግብር ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ከ40 በመቶ በላይ ሲሆን የእኛ ከ10 በመቶ በታች ነው፤ በዚህ ገቢ የስዊድንን ዋስትና መገንባት አይቻልም። ነገር ግን ስዊድን በ19ኛው መቶ ዘመን ድሃ አገር ነበረች፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝቧ ወደ አሜሪካ ተሰዷል። ሶሻል ዲሞክራቶች እ.ኤ.አ. በ1932 መንግሥት ሲመሠርቱ ከታች የተዘጋጀ ነገር አገኙ። የሠራተኛው ማኅበር፣ የፀረ መጠጥ ማኅበራትና ከመነቃቃቱ የተወለዱት ነጻ አብያተ ክርስቲያናት ገበሬውንና ሠራተኛውን ስብሰባ መምራትን፣ ሒሳብ መያዝን፣ ገንዘብ ያዥን መቆጣጠርን አስተምረውት ነበር። ብዙዎቹ የፓርቲው መሪዎች አማኞች አልነበሩም፤ ሕዝቡ እርስ በርስ መተማመንን የተማረው ግን በከፊል በጸሎት ቤት ነው። ወደ ኢትዮጵያ በ1866 እ.ኤ.አ. በምጽዋ በኩል የገቡት ሚስዮናውያንም የዚያው መነቃቃት ልጆች ነበሩ።

እኛስ ምን አለን? ዕድርና ዕቁብ አለን። የአራዳ ዕድር ሃይማኖትና ብሔር ሳይለይ ቀብር የሸፈነበት ዘመን ነበረው፤ ወንጌላውያንን ያገለለበትና የመቃብር ቦታ የነፈገበትም ዘመን ነበረው። ዕድር ለቀብር እንጂ ለሕክምና ወይም ለጡረታ አይበቃም፤ የትልቅ መድን ሥራም አይሠራም። ቢሆንም ሹሙን ይመርጣል፣ ሒሳቡን ይመረምራል፣ ያልከፈለውን ይገሥጻል። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን፣ በዚያው ዓመት የታወጀው የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ፣ የሴፍቲኔት መርሐ ግብርም የሶሻል ዲሞክራሲ ስም ሳይሰጣቸው የእርሱን ሥራ የሚሠሩ ናቸው። ሥርዓቱ በአገራችን ቢበቅል ከእነዚህ ተነሥቶ ነው እንጂ ከፓርቲ ፕሮግራም ርእስ ብቻ አይደለም።

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ከተማ ቤት

ዘሌዋውያን 25 ብዙ ጊዜ ስለ መሬት መመለስ ይጠቀሳል። ቍጥር 29 እና 30 ግን ይዘነጋሉ፤ በቅጥር ባለ ከተማ ያለ ቤት በአንድ ዓመት ካልተቤዠ ለገዢው ለዘላለም ይጸናል። ሕጉ የከተማውን ቤት ለገበያ ሲተው፣ የቤተሰብ መተዳደሪያ የሆነውን እርሻ ግን በኢዮቤልዩ ይመልሳል። ስለዚህ ሕጉ ገበያን አይጠላም፤ ሰውን ለዘለቄታ የሚያደኸየውን ገበያ ግን ያጥራል። ነህምያ 5 አበዳሪ ሹማምንትን በጉባኤ ፊት ያቆማል። በ1ኛ ነገሥት 21 አክዓብ ለናቡቴ የተሻለ ወይን ወይም ገንዘብ አቅርቦለታል፤ ካሳው ነበረ። በደሉ የጀመረው «አይሆንም» የማለት መብት ሲካድና ሸንጎው ለንጉሡ ሲያጎነብስ ነው። በሐዋርያት ሥራ 5 ደግሞ ጴጥሮስ ለሐናንያ መሬቱ ሳይሸጥ የራሱ እንደ ነበረ ይነግረዋል፤ የኢየሩሳሌም መካፈል በፈቃድ እንጂ በውርስ አዋጅ አልነበረም።

ከእነዚህ ምንባቦች አንድ የፓርቲ ፕሮግራም አይወጣም። ነገር ግን የግል ንብረትን፣ የድሃውን ዋስትናና የገዢን ተጠያቂነት ሦስቱንም አብሮ የሚይዝ ሥርዓት፣ አንዱን ብቻ ይዞ ሌሎቹን ከሚጥል ይልቅ ለቃሉ ይቀርባል። ቄስ ጉዲና የመሩት ቤተ ክርስቲያን በ1972 እ.ኤ.አ. ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ ወንጌልን መስበክና የሰው ልማት መለያየት እንደሌለባቸው ተከራከረች፤ እርሳቸውም በአብዮቱ ዘመን የፍትሕን ጥያቄ ሳይንቁ፣ ለእግዚአብሔር ብቻ የሚገባውን ፍጹም ታማኝነት ለርእዮተ ዓለም አልሰጡም። ያ ሚዛን ለካፒታሊዝምም ይሠራል።

ማጠቃለያ

ሶሻል ዲሞክራሲ ለአሜሪካ ካፒታሊዝም አማራጭ ሊሆን ይችላልን? ይችላል፤ በሦስት ነገሮች ግን ይወሰናል፦ በሚታመን ግብር፣ ከመንግሥት ነጻ በሆኑ ማኅበራትና ሊወርድ በሚችል ሹም። የአራዳ ታሪክ እንደሚያሳየው እነዚህ ሲጎድሉ ቤቱ የባለ ርስትም ይሁን የመንግሥት፣ ተከራዩ የሚጠይቀው አያገኝም።

አጥቢያዎች የአገሪቱን ግብር አይወስኑም። ሆኖም በእጃቸው ያለ ነገር አለ። ከፒያሳ ወደ ዳርቻ የሄዱ ምእመናንን ስም ዝርዝር ይዞ መጎብኘት፣ ዕድራቸው እንደገና እንዲቆም አዳራሽ መስጠት፣ ግብር መክፈልን እንደ ምጽዋት ሁሉ ማስተማር ይቻላል። ከሁሉ በፊት ደግሞ የአጥቢያው በጀት ሲቀርብ አንድ ጥያቄ ይነሣ፦ ሠላሳ ዓመት ያገለገለው ወንጌላዊና የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ጡረታ ተከፍሎላቸዋልን? ለራሷ ሠራተኛ ዋስትና ያልሰጠች ቤተ ክርስቲያን ስለ ሥርዓት ብትናገር የሚሰማት አታገኝም።