«አረመኔ» የማን ስም ነበር?

ዛሬ «አረመኔ» ስንል ጨካኝ፣ ርኅራኄ የሌለው ሰው ማለታችን ነው። እስቲ ቃሉን እንፍታው። ዘመዱ የሆነው የግዕዙ «አረማዊ» ጣዖት አምላኪ ማለት ነው። ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ የሕዝብ ስም እናገኛለን፦ የሶርያ አራማውያን። ክርስትናን የተቀበሉት ሶርያውያን ያልተቀበሉትን በዚህ በድሮው ስም ይጠሯቸው ጀመር። የሚገርመው፣ ኢየሱስ ራሱ ይናገር የነበረው በአራማውያን ቋንቋ ነው!

እንዲህ ያለ ስም ምን እንደሚያስከትል ለማየት ከሸሕዲ ወደ ሱዳን ድንበር፣ ወደ መተማ ዮሐንስ እንውረድ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. እዚያ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ ቆስለው ሞቱ። ከጦርነቱ በፊት ለጦር አዛዡ ለአቡ አንጃ የሰላም ደብዳቤ ልከው ነበር፤ የመጣው መልስ ግን ስድብ ነው። ለመሐዲስቶቹ ንጉሡ «ካፊር» ነበሩ። «ካፊር» እና «አረማዊ» በሁለት ቋንቋ አንድ ሥራ ይሠራሉ፦ ሰውየው ምን እንዳደረገ ሳይሆን የማን ወገን እንደሆነ ይናገራሉ። እንዲህ ብለው ከሰየሙት ሰው ጋር ደግሞ መታረቅ ይከብዳል።

አሁን ቃሉ ድርጊትን ይገልጻል፤ እዚያው ይቆይ። ጭካኔን «አረመኔነት» እንበለው። አንድን ሕዝብ በጅምላ «አረመኔ» ያልን ዕለት ግን ቃሉን ወደ ድሮ ሥራው መለስነው ማለት ነው።