ያልተቈጠሩት ነጥቦች
የሊኔት ውዳርድ የቅርጫት ኳስ ታሪክ

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ

ታሪክ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የነገሥታትን ዘመንና የጦር ሜዳን ውሎ ነው። ይሁን እንጂ ታሪክ በጨዋታ ሜዳም ይሠራል፤ በጨዋታ ሜዳም ይረሳል። ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት የሚሆን ነገር ፍለጋ ከጓደኞቼ ጋር አሮጌ የስፖርት ደብተሮችን ስንገላልጥ፣ የወንዶች ግጥሚያ ሁሉ በቀንና በነጥብ ተጽፎ አገኘን። ስለ ሴቶቹ ግን የተጻፈው «ልጃገረዶችም ተጫውተዋል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነበረ። ማን አሸነፈ? በስንት ነጥብ? ኳሱን ያገባችውስ ማን ነበረች? ደብተሩ አይናገርም።

ይህን ባየሁ ጊዜ አንዲት አሜሪካዊት የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ትዝ አለችኝ። ስሟ ሊኔት ውዳርድ ይባላል። ይህች ሴት በዩኒቨርሲቲ ተማሪነቷ 3,649 ነጥብ አስቈጥራ ሳለ፣ የአገሯ ትልቁ የኮሌጅ ስፖርት መዝገብ ከ40 ዓመት በላይ ነጥቧን ሳይቈጥርላት ኖረ። ይህ ስለ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ታሪኳን ከሥሩ መከተል ያስፈልጋል። ክቡራን አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው የዘመን ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን በቅድሚያ እንድታውቁልኝ እለምናለሁ።

የቅርጫት ኳስ ዕድሜው ረዥም አይደለም፤ የተወለደበት ዓመትና ቦታ በግልጽ ይታወቃል። በ1891 ጄምስ ኔይስሚዝ የተባለ መምህር፣ እኛ ወ. ወ. ክ. ማ. ብለን የምናውቀው ማኅበር በስፕሪንግፊልድ ከተማ በነበረው ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። በብርድ ወራት ተማሪዎቹ በአዳራሽ ውስጥ የሚጫወቱት ነገር ስላልነበራቸው፣ የኮክ ቅርጫት ከፍ አድርጎ ሰቅሎ ኳስ እንዲጥሉበት አደረገ። በሚከተለው ዓመት ሴንዳ ቤረንሰን የተባለች መምህርት ጨዋታውን በስሚዝ ኮሌጅ ለሴቶች ልጆች አስተማረች። ነገር ግን ሴት ልጅ ብዙ ብትሮጥ ሰውነቷ ይጐዳል ተብሎ ይፈራ ስለ ነበረ፣ ሜዳው በሦስት ተከፍሎ እያንዳንዷ ተጫዋች ከተመደበችበት ክፍል እንዳትወጣ ተደረገ። የአሜሪካ ኮሌጅ ሴቶች እንደ ወንዶቹ አምስት አምስት ሆነው ሙሉውን ሜዳ እንዲሮጡ የተፈቀደላቸው በ1971 ነው። በ1972 ደግሞ ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት ሁሉ በወንድና በሴት መካከል አድልዎ እንዳያደርግ የሚከለክል ሕግ ወጣ። ሊኔት ውዳርድ በዚያን ጊዜ የ12 ዓመት ልጅ ነበረች።

ሊኔት የተወለደችው በ1959 በካንሳስ ግዛት በዊችታ ከተማ ነው። ጨዋታውን የጀመረችው ከወንድሟ ጋር በቤት ውስጥ፣ ካልሲ ጠቅልለው እንደ ኳስ እየወረወሩ ነበር። እዚህ ላይ አንባቢ ፈገግ ሳይል አይቀርም፤ በእኛም መንደር የካልሲ ኳስ ያልተጫወተ ማን አለ? ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንደሚባለው፣ ልጅ ለመጫወት ከፈለገ ኳስ አያጣም። የአጐቷ ወገን የሆነ ዘመዷ ጊስ ኦስቢ ደግሞ ሃርለም ግሎብትሮተርስ በተባለው ስመ ጥር ቡድን ይጫወት ነበርና፣ ሊጠይቃቸው በመጣ ጊዜ ኳስን በጣቱ ላይ እያሽከረከረ ያሳያት ነበር። ሕፃኒቱም እንደ እርሱ ለመሆን ተመኘች። በዚያ ቡድን ውስጥ ግን አንዲት ሴት እንኳ አልነበረችም።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቡድኗን ሁለት ጊዜ ለግዛቱ ሻምፒዮንነት ካበቃች በኋላ፣ በ1977 ወደ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ይህ ዩኒቨርሲቲ የጨዋታው ፈጣሪ ኔይስሚዝ ራሱ ከ1898 ጀምሮ ያስተማረበት ስለ ሆነ፣ በቅርጫት ኳስ የከበረ ስም አለው። ሊኔት በማሪያን ዋሽንግተን አሠልጣኝነት በአራት ዓመት ውስጥ 139 ጨዋታ ተጫውታ 3,649 ነጥብ አስቈጠረች፤ ይኸውም በአማካይ ለአንድ ጨዋታ ከ26 ነጥብ በላይ ማለት ነው። ሳይገባ የተመለሰውን ኳስም 1,714 ጊዜ ዘልላ ያዘች። በአራቱም ዓመታት ከአገሪቱ ምርጥ ተጫዋቾች ተርታ ተቈጠረች።

የዚህን ቍጥር ክብደት ለመረዳት ሁለት ነገር ማወቅ ይገባል። አንደኛ፣ ዛሬ ከሩቅ ተወርውሮ የገባ ኳስ ሦስት ነጥብ ያስገኛል፤ በሊኔት ዘመን ግን ከቅርብም ይሁን ከሩቅ በጨዋታ መካከል የገባው ሁሉ ሁለት ነጥብ ብቻ ነበረ። ሁለተኛ፣ ሴቶቹ የሚጫወቱበት ኳስ የወንዶቹ ኳስ ነበረ፤ ለሴቶች እጅ እንዲስማማ ተብሎ ያነሰው ኳስ በአሜሪካ ኮሌጆች ሥራ ላይ የዋለው ከ1984 ጀምሮ ነው።

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። በዚያ ዘመን ኤን ሲ ኤ ኤ የሚባለው ትልቁ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር የሴቶችን ውድድር አያካሂድም ነበር። ስለዚህ ሴቶቹ በ1971 ኤ አይ ኤ ደብልዩ የተባለ የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ፤ ሊኔትም አራቱንም ዓመት የተጫወተችው በዚህ ማኅበር ሥር ነው። ኋላ የሴቶች ጨዋታ ተመልካች እያገኘ ሲሄድ፣ ኤን ሲ ኤ ኤ በ1981 በተጀመረው የጨዋታ ዘመን የሴቶችን ዋንጫ ማዘጋጀት ጀመረ። ታናሹም ማኅበር ከባለ ገንዘቡ ጋር መፎካከር ስላልቻለ ፈረሰ። አዲሱ ባለ መዝገብ ደግሞ ከእርሱ በፊት በሌላ ማኅበር ሥር የተገኘውን ነጥብ በራሱ መዝገብ አላገባም። ሊኔት ትምህርቷን የፈጸመችው በ1981 ነው፤ ማለት መዝገቡ ሊከፈት ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነበር። ኳሱ ገብቷል፤ ሕዝቡ አይቷል፤ ዳኛው አጽድቋል፤ ባለ መዝገቡ ግን አልቈጠረም።

በዚያው ዓመት ሌላም በር ተዘጋባት። በ1978 የተጀመረው የመጀመሪያው የሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ ከሦስት የጨዋታ ዘመን በኋላ ገንዘብ አጥሮት በ1981 ፈረሰ። እንደ እርሷ ያለ ወንድ ተጫዋች በአገሩ ብዙ ገንዘብ እየተከፈለው ይጫወት በነበረበት ጊዜ፣ ሊኔት እንጀራዋን ፍለጋ ባሕር ተሻግራ ወደ ኢጣሊያ መሄድ ግድ ሆነባት።

የኦሊምፒክም ዕድሏ ቢሆን ቀላል አልነበረም። በ1980 ለሞስኮ ኦሊምፒክ ከተመረጡት ተጫዋቾች አንዷ ነበረች። ነገር ግን የሶቪየት ጦር በ1979 መጨረሻ አፍጋኒስታን ስለ ገባ፣ አሜሪካ ስፖርተኞቿን አልላክም አለች። እኛ ኢትዮጵያውያን ያንን ኦሊምፒክ የምናስታውሰው ምሩጽ ይፍጠር በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ባገኘበት ድል ነው። ምሩጽ ራሱ በ1976 አገራችን ከሞንትሪያል በመቅረቷ ምክንያት አራት ዓመት ሙሉ ቀኑን ሲጠብቅ የኖረ ነው። በ1984 ደግሞ ተራው ተገለበጠ፤ ኢትዮጵያ ከሎስ አንጀለስ ቀረች፤ ሊኔት ግን የአገሯ ቡድን አምበል ሆና ተሰለፈች። የመንግሥታት ጠብ በስፖርተኛ ሕይወት ላይ ምን ያህል እንደሚፈርድ ከእነዚህ ሁለት ሰዎች ታሪክ መማር ይቻላል። በሎስ አንጀለስ በፓት ሰሚት የሚሠለጥነው ቡድን በፍጻሜው ደቡብ ኮሪያን 85 ለ 55 አሸንፎ፣ ለአሜሪካ ሴቶች የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ የቅርጫት ኳስ ወርቅ አስገኘ።

በሚከተለው ዓመት፣ በ1985፣ የልጅነት ሕልሟ ተፈጸመ። ግሎብትሮተርስ በ1920ዎቹ ዓመታት ጥቁር አሜሪካውያን የነጮች ሊግ በር ተዘግቶባቸው በነበረበት ዘመን ተቋቁሞ፣ ብልሃትንና ቀልድን ከጨዋታ ጋር አስተባብሮ ዓለምን የዞረ ቡድን ነው። ይህ ቡድን ሴት ተጫዋች ለመቀበል ፈተና ባወጣ ጊዜ ሊኔት ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ በልጣ ተመረጠች፤ የግሎብትሮተርስ የመጀመሪያዋ ሴትም ሆነች። በር ተዘግቶባቸው የነበሩ ሰዎች የመሠረቱት ስም፣ በር ለተዘጋባት ሴት መግቢያ ሆነላት። በዚያም ሁለት ዓመት ያህል ከተጫወተች በኋላ እንደ ገና ወደ ኢጣሊያ፣ ኋላም ወደ ጃፓን ሄዳ ተጫወተች። በ1990 የዓለምን ሻምፒዮና ካሸነፈው የአሜሪካ ቡድን ውስጥም ነበረች።

ከዚያ በኋላ ኳሱን አስቀምጣ በኒው ዮርክ ከተማ በአክሲዮን ሽያጭ ሥራ ተሰማራች። ታሪኩም በዚህ ያበቃ ይመስል ነበር። ነገር ግን ደብልዩ ኤን ቢ ኤ በመባል የሚታወቀው የሴቶች ሊግ በ1997 በስምንት ቡድኖች ተቋቁሞ ጨዋታ ሲጀምር፣ ሊኔት 38 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሳምንታት ቀርተዋት ነበር። ብዙ ተጫዋች ጫማውን በሚሰቅልበት ዕድሜ እርሷ ጫማዋን አጥልቃ ለክሊቭላንድ ቡድን ተሰለፈች፤ በ1998ም ለዲትሮይት ቡድን ተጫወተች። የጕልበቷ ወራት በባዕድ አገር አልፎ፣ ሲመኙት የኖሩት የአገር ሊግ በመጨረሻው ሰዓት ደረሰላት። ሌላ ሰው ቢሆን «ዘግይቷል» ብሎ ይቀር ነበር፤ እርሷ ግን የተከፈተውን በር ሳትረግጥ አልቀረችም። ከዚያም በአሠልጣኝነት አገለገለች፤ በ2004 ስሟ በኔይስሚዝ ስም በሚጠራው የቅርጫት ኳስ የክብር አዳራሽ ገባ።

የነጥቡ ነገር የተነሣው ግን በ2024 ነው። የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነችው ኬትሊን ክላርክ በፌብሩዋሪ 15 ቀን በኤን ሲ ኤ ኤ መዝገብ የነበረውን 3,527 ነጥብ አለፈች። ብዙዎች ከሴቶች ሁሉ በለጠች ብለው አወሩ። የቀድሞውን ዘመን የሚያውቁ ሰዎች ግን «ቆዩ፤ የሊኔት 3,649 ገና ከፊቷ አለ» አሉ። ኬትሊን እርሱንም በዚያው ወር በ28ኛው ቀን አለፈችው። በማርች 3 ቀን የወንዶቹን 3,667 ነጥብ ስታልፍ ደግሞ ሊኔት ራሷ በአዳራሹ ተገኝታ ተመለከተች። በ1970ዎቹ ዓመታት በትንንሽ ኮሌጆች የተጫወተችው ፐርል ሙር 4,061 ነጥብ እንዳስቈጠረችም የተነገረው ለብዙ ሰው አዲስ ነገር ሆነ።

ሊኔት ጥቂት ቈይታ በአንድ የሽልማት በዓል ላይ፣ ኳሱና ነጥቡ ስላልተመሳሰለ የእኔ ክብረ ወሰን ተሰብሯል ማለት አይቻልም የሚል ቃል ተናገረች፤ ይህም ክርክር አስነሣ። ወዲያው ግን ንግግሯን አብራርታ፣ ክብረ ወሰኑ የኬትሊን መሆኑንና የሁለት ዘመን ቍጥር ግን ማስተያየት አስቸጋሪ መሆኑን ገለጸች። በእኔ አስተያየት በዚህ ክርክር ውስጥ ትልቁ ነገር ማን በለጠች የሚለው አይደለም። ኬትሊን በልጣለች፤ ይህ የማይካድ ነው። ነገር ግን የሚበለጠው የተቈጠረ ብቻ ነው። ሊኔት ካልተቈጠረች ኬትሊንም ማንን እንዳለፈች በትክክል አታውቅም ነበር። የቀድሞዋን መርሳት የኋለኛዋንም ክብር ያሳንሳል።

እኔና ጓደኞቼ ያንን አሮጌ ደብተር ከዘጋን በኋላ ዝም ብለን አልተቀመጥንም። በዚያ ዓመት የተጫወቱትን እኅቶቻችንን እየፈለግን ጠየቅን። አንዲቱ ዛሬ የሦስት ልጆች እናት ናት፤ ስንጠይቃት ሥቃ «ይህን ደግሞ ማን ይፈልገዋል?» አለችን፤ ቀጥላ ግን የአንዱን ጨዋታ ውጤት ከነ አግቢዎቹ ስም አንድ በአንድ ነገረችን። ከስምንቱ ጨዋታ የሦስቱን ውጤት አግኝተን፣ ለመጽሔቱ የስፖርት ገጽ ሰጥተናል። የቀረው አምስቱ ጠፍቷል። ከእኛ በኋላ ደብተሩን የምትረከቡ ታናናሾቻችን ሆይ፣ ልጃገረዶች በተጫወቱ ቀን ቀኑን፣ ነጥቡንና ስማቸውን ጻፉ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ እርሳስ ብቻ ነው።