ነባር ሕንፃን ወደ ቤተ ሙከራ ስለ መለወጥ

የሳይንስ ትምህርት በተስፋፋበት ሁሉ በቅድሚያ ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱ የቦታ ጥያቄ ነው። አዲስ ቤተ ሙከራ ማነጽ ጊዜና ገንዘብ ስለሚጠይቅ፣ ለሌላ ተግባር የተሠራ ቤት ተለውጦና ተስፋፍቶ እንዲያገለግል የተደረገበት ጊዜ ብዙ ነው።

የዚህ አሠራር ጥቅምና ጉዳት በፓሪስ በጉልህ ታይቷል። ማሪና ፒየር ኩሪ ራዲየምን ለይተው ለማውጣት የደከሙት፣ ቀድሞ የሕክምና ተማሪዎች አስከሬን ይመረምሩበት በነበረ አሮጌ ቤት ውስጥ ነበር። ጣሪያው ያፈስ ነበር። መርዛማ ጋዝ የሚያስወግድ መሣሪያም ስላልነበረው ሥራው በከፊል በግቢው ሜዳ ላይ ይከናወን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 ጥቂት የራዲየም ክሎራይድ ተገኘ። ሳይንሱ ግቡን መታ፤ ቤቱ ግን የሠራተኞቹን ጤና የሚጠብቅ አልነበረም።

በኢትዮጵያም ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ዓ.ም. የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምና ሙዚየሙን ያዘ፤ የሳይንስ ፋኩልቲ ግን በአራት ኪሎ ቆየ። ክፍፍሉ ራሱ አስተማሪ ነው። መጽሐፍና ቅርስ በቤተ መንግሥት አዳራሽ ሊቀመጡ ይችላሉ፤ አሲድ፣ ጋዝና ፍሳሽ ግን የየራሳቸውን መውጫ ይሻሉ።

ከጉጌ ተራሮች ወርዶ ወደ ጫሞ ሐይቅ በሚፈሰው በኩልፎ ወንዝ አካባቢ ደግሞ ጥያቄው ሌላ ገጽታ ይይዛል። በአርባ ምንጭ በ1979 ዓ.ም. የተቋቋመው የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ1996 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት አድጓል፤ ከካምፓሶቹም አንዱ በወንዙ ስም ይጠራል። የውሃ ፍሰት ሙከራ ረጅም ቦይ፣ የውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድና ብዙ ክብደት የሚሸከም ወለል ያስፈልገዋል። ይህን ሁሉ በተራ መማሪያ ክፍል፣ ይልቁንም በፎቅ ላይ፣ ማሟላት አዳጋች ነው። በቆላው ሙቀት የአየር መተላለፊያ ጉዳይም ይበልጥ ይከብዳል።

በመሆኑም ማይክሮስኮፕና ቀላል መለኪያ በነባሩ ክፍል፣ ከባዱ መሣሪያና አደገኛው ኬሚካል ደግሞ በምድር ላይ በሚቀጠለው አዲስ ክፍል ቢሆኑ ይመረጣል። ግድግዳ ከመፍረሱ አስቀድሞ የወለሉ አቅም፣ የፍሳሹ መድረሻ፣ የአየሩ መውጫና የተማሪው ማምለጫ በር ሊመረመሩ ይገባል። በግንባታ ጊዜ የተቆጠበው ገንዘብ በተማሪው ጤና የሚከፈል ከሆነ ቁጠባ ሊባል አይችልም።