ካባውና ጆንያው፦ የክብር ልብስ ከቤተ መንግሥት ወደ መርካቶ የመጣበት መንገድ

(በታሪክ ትምህርት ክፍል የሕዝብ ንግግር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)



ስለ ቅንጦት ልብስ እንድናገር ተጋብዤ ንግግሬን ከእህል በረንዳ መጀመሬ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። እህል በረንዳ የጤፍ፣ የስንዴና የገብስ ሰፈር ነው፤ ሐርና ከፋይ የሚሸጥበት አይደለም። ነገር ግን በቅርቡ በዚያ ሳልፍ አንድ ወጣት ተሸካሚ ኩንታል ጤፍ በጫንቃው አድርጎ ከጭነት መኪና ሲያወርድ አየሁ። ካናቴራው በእህል ብናኝ ነጥቷል፤ ደረቱ ላይ ግን «ጉቺ» የሚለው ስም በትልቁ ታትሞበታል። አብሮኝ የነበረው ወዳጄ ሳቀ። እኔ ግን ለመሳቅ አልቸኮልሁም፤ በዚህ አገር ማዕረግን የሚናገር ልብስ ማንንም ሳያስፈቅዱ በገንዘብ ገዝቶ መልበስ ገና አዲስ ነገር ነውና።

ከቋንቋችን እንነሣ። «ሸለመ» የሚለው ግሥ በአማርኛ ሁለት ትርጉም አለው፦ አስጌጠ፣ አሳመረ ማለት ነው፤ ደግሞም ስለ ውለታ ወይም ስለ ጀግንነት ክብር ሰጠ ማለት ነው። ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ቃል የተገናኙት በአጋጣሚ አይመስለኝም። በቀድሞው ሥርዓት ጌጥ ከገበያ የሚመጣ ሳይሆን ከላይ የሚወርድ ነበር። ካባ ላንቃ፣ ለምድ፣ የሐር እጀ ጠባብ ንጉሥ ለሹሙ፣ ሹም ለባለሟሉ የሚያለብሰው ነበር። የፖርቱጋል መልእክተኞችን ተከትሎ ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. ድረስ በአገራችን የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ የንጉሡን ቃል የሚሰሙ ሰዎች ከወገብ በላይ ተራቁተው ይቆሙ እንደነበር፣ መልእክቱ የሞገስ ከሆነ ግን ልብሳቸውን መልሰው ይለብሱ እንደነበር ጽፏል። ልብስን የሚሰጥም የሚገፍም ሥልጣን ነበር ማለት ነው።

ልብሱ ብቻ አይደለም፤ አለባበሱም ሕግ ነበረው። ያው ነጠላ ወይም ኩታ በጌታ ፊት ሲሆን ይደገደጋል፣ በቤተ ክርስቲያን መስቀልያ ይጣፋል፣ በሐዘን ጊዜ ጥለቱ ወደ ላይ ይገለበጣል። ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው ጃኖ የመኳንንት መለያ ነበር። አንድ ሰው ከሩቅ ሲመጣ ፊቱ ሳይለይ ደረጃው ይለያል።

እዚህ ላይ ዘወትር የምንሰማውን አንድ አባባል ላርም። «ቅንጦት ከውጭ መጥቶ ባህላችንን አበላሸ» ይባላል። ቅንጦትማ መቼም ቢሆን ከውጭ ነበር። ሐሩና ከፋዩ ከሕንድ፣ ከግብፅና ከዓረብ አገር በቀይ ባሕር በኩል የሚገባ ነው። የጥለቱ ቀይ ክር እንኳ በብዙ ዘመን ከውጭ የመጣ ነበር፤ ባዕድ ጨርቅ ተርትሮ ክሩን ለጥለት ማዋል በሸማኔዎች ዘንድ የታወቀ ሥራ ነው። ዛሬ «ንጹሕ የአገር ልብስ» ብለን የምንኮራበት ሸማ ጠርዙ ላይ የባሕር ማዶ ንግድን ተሸክሞ የኖረ ነው። ስለዚህ የታሪክ ጥያቄያችን «ባዕድ ነው ወይስ አገርኛ» መሆን የለበትም። ማን እንዲለብሰው ይፈቀድለት ነበር፣ ማንስ ከፈለ፣ ብለን ብንጠይቅ የበለጠ እንማራለን።

ፈቃዱን ያላላው ገበያ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን በአራዳ፣ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በነበረው ገበያ ሕንዶች፣ አርመኖች፣ ግሪኮችና ዓረቦች ሱቅ ከፈቱ፤ መሐመድ አሊ የተባለው የሕንዶች የንግድ ቤት ከታላላቆቹ አንዱ ነበር። ብዙ ሕዝብ የደረሰው ጨርቅ ግን ሐር አልነበረም፤ አቡጀዲ ነበር። ይህ ከአሜሪካ ፋብሪካዎች የሚመጣ ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ስኪነር በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥቶ ከምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲፈራረም ከጀርባው ከነበሩት ጥቅሞች ዋነኛው ይኸው ጨርቅ ነበር። በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ አዲስ አበባ ሲደርስ ጨርቁ በዝቶ ረከሰ፤ ኋላም የጃፓን ጥጥ ከዚያ በረከሰ ዋጋ ገበያውን ወረሰ። የአቡጀዲን ዕጣ ልብ በሉ፦ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ዕቃ ሆኖ ጀመረ፤ ዛሬ ለከረጢት፣ ለገበር፣ ለመግነዝ የሚቆረጥ ተራ ጨርቅ ነው። ሁሉም የደረሰበት ነገር ክብር መናገሩን ያቆማል።

«አራዳ» የሚለው ቃልም ከዚያ ገበያ የወረስነው ነው። የሰፈር ስም የነበረው ቃል የነቃ፣ ዘመናይ ሰው መጠሪያ ሆነ። ፋሺስት ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ከተማዋን ሲይዝ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ገፋው፤ አራዳን ለአውሮፓውያን ፈለገው። «መርካቶ» የሚለው ስም ከዚያ ቀረልን፤ እህል በረንዳም የዚሁ አዲስ ገበያ አካል ነው። ከዘረኛ ዕቅድ የተወለደው ስፍራ በኋላ የራሱ የዘመናይነት መፍለቂያ መሆኑ ጣሊያኖቹ ያላሰቡት ነው።

አሁን እህሉንና ልብሱን ላገናኝ። ከታኅሣሥ ጀምሮ አዲስ እህል ወደ እህል በረንዳ ይጎርፋል፤ ጥር ደግሞ የሰርግ ወር ነው። የእህሉ ገንዘብ ሳይውል ሳያድር ልብስ ይሆናል፤ ያው ሰው በማለዳ ጆንያ አራግፎ ከቀትር በኋላ በሸማ ተራ ጥለት ያማርጣል። በሰርጉ ማግስት ሙሽራውና ሙሽሪት የሚለብሱት በወርቅ ቀለም ክር የተጠለፈ ካባ፣ ጥንት ራስ ወይም ደጃዝማች ከንጉሥ እጅ የሚጠብቀው ዓይነት ልብስ ነው። ዛሬ ለአንድ ቀን በኪራይ ይገኛል። አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ ይህን እንደ ውርደት ያዩታል፤ እኔ ግን ከታሪካችን ጸጥተኛ አብዮቶች አንዱ አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

ነገር ግን ልብስ ሁሉ ሊገዛ ሲችል አዲስ ጥርጣሬ ይነሣል፦ እውነተኛ ነው ወይስ አስመሳይ? የመርካቶ አማርኛ ለዚህ ድንቅ ቃል ፈጥሯል። «ቦንዳ» መጀመሪያ የታሰረ የሰልባጅ ጥቅል ነው። ሰልባጁ በሌላ ሰው ገላ ያለፈ ቢሆንም የታዋቂ ፋብሪካ ሥራ ስለሚገኝበት «ቦንዳ ነው» ማለት «ጥራት ያለው፣ ኦርጂናል ነው» ማለት ሆነ። አሮጌው የእውነተኛነት ስም ወሰደ፤ አዲሱ ደግሞ «ፎርጅድ» ተባለ። ቅንጦት አዲስነት ነው ብለው የሚጽፉ የምዕራብ ሊቃውንት ይህን ቃል ቢያውቁ መጻሕፍታቸውን በጥቂቱም ቢሆን ያርሙ ነበር። ለማንኛውም የእህል ነጋዴው ይህን ፈተና ቀድሞ ያውቀዋል፤ ማኛውን ከሰርገኛው የሚለየው የሻጩን ቃል አምኖ ሳይሆን እህሉን መዳፉ ላይ ዘርግፎ አይቶ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ያልተሸለመው ሸማኔው ነው። ዐፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን መስደብ በዐዋጅ ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ግን ከዐዋጁ በላይ ዕድሜ አገኘ። የጋሞ፣ በተለይም የዶርዜ ሸማኔዎች በሽሮ ሜዳ ጉድጓድ መቀመጫቸው ላይ ሆነው የሸመኑት ጥበብ በበዓል ቀን ሁሉንም ሰው ያስውባል፤ እነሱን ግን ብዙ ቤት አያጋባም ነበር። ዛሬ ደግሞ ጥለትን በማሽን ያተመ የቻይና ጨርቅ በጥቂት ብር ይሸጣል። የሚያሳስበኝ የባሕር ማዶ ስም ያለው ካናቴራ አይደለም፤ ይህ ነው። ካናቴራው የሚያስመስለው የሩቅ ባለጠጋን ነው። የታተመው ጥለት ግን የጎረቤትን እጅ አስመስሎ እንጀራውን ይወስዳል።

በ2008 ዓ.ም. የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ እኛም የዓለም ፋሽን ሰፊዎች እንሆናለን ተባለ። ካልቪን ክላይንንና ቶሚ ሂልፊገርን የሚያስተዳድረው ፒ.ቪ.ኤች. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ገባ፤ ጀማሪ ሠራተኛ ግን በወር ወደ 26 ዶላር ገደማ ታገኝ ነበር። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ሳቢያ አገሪቱ ከአጎዋ ስትታገድ ኩባንያው ወጣ። ልጆቹ የሰፉትን ስም በገዛ ደመወዛቸው መልበስ አይችሉም ነበር።

ለተማሪዎች አንድ ሥራ ልተው። በእህል በረንዳ የነባር ነጋዴዎች መዝገብ ያለበት ቤት አይጠፋም። በየዘመኑ አንድ ካባ፣ አንድ ጥበብ ቀሚስ፣ አንድ ሙሉ ልብስ ስንት ኩንታል ጤፍ ያወጣ እንደነበር ከመዝገቡ አውጥቶ የሚያሰላ የማስተርስ ጥናት እስካሁን አላነበብሁም። የሚጀምር ካለ መዝገብ ለማየት አብሬው እሄዳለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ግን አይሆንም፣ ጭነት በሚራገፍበት ሰዓት ማንም አያነጋግረንም።