የእግዜር ውሃና የሞተር ውሃ

ባለፈው ክረምት እኛ ሰፈር ጠብ ተነሣ። ዳገቱ ላይ ያለው ጎረቤታችን ከፎቁ ሥር ምድር ቤት አስቆፍሮ ነበር። ነሐሴ ሲገባ ምድር ቤቱ ውሃ አፈለቀ። ሰውየው ፓምፕ ገዛና ጎማውን በአጥሩ አሾልኮ ወደ ታች ለቀቀው። ታች የሚኖሩት ደግሞ አንዲት አሮጊት ናቸው። አንድ ማለዳ ማድ ቤታቸው ቢገቡ ዱቄቱም ከሰሉም ውሃ ላይ ይዋኛል።

ለሽምግልና ተቀመጥን። ባለፎቁ፣ "ውሃ መቼም ሽቅብ አይሄድ! እኔ ምን ላድርግ?" አለ። እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ "ልጄ፣ የእግዜሩን ውሃ አርባ ዓመት ችዬዋለሁ። ይሄ ግን ያንተ የሞተር ውሃ ነው" አሉት።

እኔ የሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ነበርኩ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም። ግን እትዬ ሳያውቁት የተናገሩት የሮማውያንን ሕግ ነው። ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ450 ገደማ በጻፉት የዐሥራ ሁለቱ ሰሌዳዎች ሕግ የዝናብ ውሃን ነገር አልዘነጉትም። ጎረቤቱ በሠራው ሥራ ምክንያት ጎርፍ የጎዳው ሰው መክሰስ ይችል ነበር። በ1804 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የፈረንሳይ ፍትሐ ብሔር ሕግም ታችኛው መሬት የላይኛውን ውሃ ይቀበል አለ፤ የሰው እጅ እስካልገባበት ድረስ። "የሰው እጅ" የምትለዋን ያዙልኝ።

ምድር ቤት በበዛባቸው የአሜሪካ ከተሞች ነገሩ እስከ ቧንቧው ድረስ ተዘርዝሯል። ከወለሉ ሥር ጉድጓድ አለ፤ ውሃ ሲሞላ ፓምፑ በራሱ ተነሥቶ ያስወጣዋል። ወዴት? ብዙዎቹ ከተሞች ከመጸዳጃ ፍሳሽ መስመር ጋር መቀጠልን ይከለክላሉ። ለነዋሪው በሚያድሉት ማሳሰቢያ ላይ፣ እስከ 200 ቤት የሚያስተናግድ ባለ 8 ኢንች መስመር 8 ፓምፖች ባንዴ ከለቀቁበት ይጨናነቃል ይላሉ። ሲጨናነቅ ደግሞ ከነቆሻሻው ተመልሶ ሌላ ሰው ቤት ይገባል። ስለዚህ ውሃው ከጎረቤት ወሰን ርቆ በራስ ግቢ ሣር ላይ፣ ወይም በተፈቀደ የዝናብ ውሃ መስመር ይለቀቅ ነው ሕጉ። ብርድ በሚጠናበት አገር መንገድ ላይ መልቀቅም ነውር ነው፤ አድሮ በረዶ ይሆንና የሰው እግር ይሰብራል።

እኛስ? ሕግ አላጣንም። ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁትና በ1952 ዓ.ም. የወጣው ፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1225 ባለንብረት ጎረቤቱን እንዳያውክና እንዳይጎዳ ያዛል። ግን አንቀጹ ጎማውን የት ጣለው አይልም። ያንን መንገር የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው፤ ምድር ቤቱ ከመቆፈሩ በፊት እንጂ ዱቄቱ ከዋኘ በኋላ አይደለም።

የኛው ባለፎቅ ዱቄቱንም ከሰሉንም ተካ፤ ቧንቧውንም አስፈቅዶ ከዝናብ ውሃ ቦይ ጋር አገናኘ። እትዬም ቡና ጠሩት። ዘንድሮም ጎርፉ ይወርዳል፤ የእግዜሩ።

መልካም ክረምት!