የዘይት ግፊት፦ ቀዩ መብራት የሚናገረውና የማይናገረው

ስለ ሞተር ዘይት ሲወራ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ይምታታሉ፤ የዘይት መጠንና የዘይት ግፊት። መጠኑ በመለኪያው ዘንግ የሚታይ፣ ሲጎድል የሚሞላ ነገር ነው። ግፊቱ ግን በዓይን አይታይም። ዳሽቦርዱ ላይ የዘይት ማንቆርቆሪያ ምስል ይዞ የሚበራው ቀይ መብራት የሚናገረው ስለ ግፊቱ ነው። “ዘይት ጎድሎ ነው፣ ቤት ስትደርስ ትሞላዋለህ” የሚለው የወዳጅ ምክር ስንቱን ሞተር እንዳስወረደ መካኒኮችን መጠየቅ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። መለስተኛ የቤት መኪና ከ3 እስከ 5 ሊትር የሚሆን የሞተር ዘይት ይይዛል። ሞተሩ ሲቆም አብዛኛው ዘይት ከሥር ባለው ኮፓ ውስጥ ይጠራቀማል። ሞተሩ ሲነሣ ከኮሎው፣ ማለትም ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ዋና ዘንግ፣ ጉልበት የሚያገኝ ፓምፕ ዘይቱን በወንፊት በኩል ይስበዋል፤ በፊልትሮ አሳልፎም በሞተሩ አካል ውስጥ ወደተበሳው ዋና መስመር ይገፋዋል። ከዚያ ወደ ኮሎው መቀመጫዎች ይገባል፤ በራሱ በኮሎው ውስጥ ባሉ ቀዳዳዎች ወደ ቢዬላዎቹ ይሻገራል፤ ሽቅብ ወጥቶ ቴስታታውን ያርሳል። ሥራውን የጨረሰው ዘይት በራሱ ክብደት ወደ ኮፓው ይመለሳል።

ለመሆኑ ግፊቱ ከየት ይመጣል? “ከፓምፑ ነዋ” የሚል መልስ ግማሽ እውነት ነው። ፓምፑ የሚያመነጨው ፍሰት ነው። ግፊት የሚወለደው ፍሰቱ መሰናክል ሲገጥመው ነው። የአትክልት ማጠጫ ጎማ ጫፉ ክፍት ሲሆን ውኃው እግር ሥር ይፈሳል፤ ጫፉን በአውራ ጣት ጫን ሲያደርጉት ግን ርቆ ይወረወራል። በሞተር ውስጥ የአውራ ጣቱን ሥራ የሚሠራው በኮሎውና መካኒኮቻችን ብሮንዚን በሚሏቸው መቀመጫዎቹ መካከል ያለው ጠባብ ክፍተት ነው። ክፍተቱ ብዙውን ጊዜ ከ0.02 እስከ 0.06 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት አይበልጥም። ብሮንዚኑ በዕድሜ ሲበላ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ዘይቱ እንደልቡ ያመልጣል፣ ግፊቱ ይወርዳል። ዘይቱ በሙቀት ሲቀጥን ወይም ነዳጅ ሲቀላቀልበትም ውጤቱ ያው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ የተማረ ሰው ጭምር የሚስተው ነጥብ አለ። ፓምፑ የሚልከው ዘይት ያለው 3 ወይም 4 ባር ግፊት ኮሎውን ተሸክሞ አያቆመውም። ነዳጁ ሲቃጠል በፒስተኑ በኩል የሚወርደው ጫና በቶን የሚቆጠር ነውና። ታዲያ ብረት ከብረት እንዳይነካካ የሚያደርገው ምንድን ነው? መልሱ የተገኘው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1883 ነው። ቦሻም ታወር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ የባቡር አክስል መቀመጫን ሲፈትሽ ለዘይት ማጠጫ ብሎ ከላይ ቀዳዳ ይበሳል። ዘንጉ ሲዞር ዘይቱ በመግባት ፈንታ በቀዳዳው ሽቅብ ወጣ። በቡሽ ቢደፍነው ቡሹን፣ በእንጨት ቢወትፈው እንጨቱን ገፍቶ አስወጣበት። የግፊት መለኪያ ቢገጥምበት ንባቡ በመቀመጫው ላይ ከተጫነው አማካይ ጫና ከእጥፍ በላይ ሆነ። ኦስቦርን ሬይኖልድስ በ1886 ምክንያቱን በሒሳብ አስረዳ። የሚዞረው ዘንግ ዘይቱን እየጎተተ ወደሚጠበው ክፍተት ያስገባዋል፤ ዘይቱም እንደ ሽብልቅ ሆኖ ዘንጉን ያነሣዋል። በዝናብ ጊዜ በፍጥነት የሚሄድ መኪና ጎማው ውኃ ላይ ወጥቶ አስፋልቱን የሚለቀውም በዚሁ ሕግ ነው።

ስለዚህ የፓምፑ ድርሻ ለዚህ ሽብልቅ ሳያቋርጥ ዘይት ማቅረብ ነው። አቅርቦቱ ሲቋረጥ የቀረው ዘይት ለብዙ ጊዜ አይበቃም። ብሮንዚኑ ይግላል፣ ይቀልጣል፣ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፤ ከዚያ ይነክሳል፣ ተጣብቆ ይቆማል ማለት ነው።

ግፊት በዛ ማለትም ጤና ማለት አይደለም። ሞተሩ ሲፈጥን ፓምፑም ስለሚፈጥን፣ ግፊቱ ከልክ እንዳያልፍ በስፕሪንግ የተያዘ ማስተንፈሻ ቫልቭ ተገጥሞለታል። ቆሻሻ ገብቶበት ክፍት እንደሆነ ከቀረ ፓምፑ ምንም ያህል ደህና ቢሆን ግፊት የለም። ፊልትሮውም ሲደፈን መንገድ የሚከፍት ሌላ ቫልቭ አለው፤ ሞተሩ ጨርሶ ዘይት ከሚያጣ ያልተጣራ ዘይት ቢያገኝ ይሻላል ተብሎ ነው።

አሁን ወደ መብራቱ እንመለስ። በብዙ መኪኖች ላይ ይህን መብራት የሚያበራው ሴንሰር የሚሠራው ግፊቱ ከ0.2 እስከ 0.5 ባር ሲወርድ ነው። ከተማችንን ከሞሉት የቀድሞ ኮሮላዎች በብዙዎቹ የተገጠመውን፣ ፎር ኤ የሚባለውን ሞተር እንውሰድ። የጥገና መጽሐፉ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ቢያንስ 0.3 ባር ገደማ፣ በደቂቃ 3,000 ዙር ላይ ደግሞ ከ2.5 እስከ 5 ባር ገደማ ይጠይቃል። ልብ በሉ፤ ይህ መኪና በ3,000 ዙር እየሄደ ግፊቱ 1 ባር ቢሆን ከሚገባው ግማሽ እንኳ አላገኘም፤ መብራቱ ግን ጠፍቶ ይቀመጣል። በሙያዬ ቋንቋ ብናገር ይፈቀድልኝ፦ ቀዩ መብራት መጥሪያ አይደለም፤ የአፈጻጸም ትእዛዝ ነው። መጥፋቱም በነፃ መሰናበት አይደለም። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ግፊቱን በትክክል የሚለካ ሴንሰርና እንደ ፍላጎቱ የሚሠራ ፓምፕ ስላላቸው በዚህ በኩል ይሻላሉ።

መብራቱ ቁልፍ ሲከፈት በርቶ ሞተሩ ከተነሣ ከሁለትና ሦስት ሰከንድ በኋላ ቢጠፋ ጤና ነው። በኩርባ ወይም በፍሬን ጊዜ ብልጭ የሚል ከሆነ ዘይቱ ጎድሎ ፓምፑ አየር እየሳበ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ሲቆም እየበራ ነዳጅ ሲረገጥ የሚጠፋ ከሆነ የቀጠነ ዘይትን ወይም የተበላ ብሮንዚንን ይጠርጥሩ። እየሄዱ ሳለ በርቶ ከቀረ ግን ምክንያቱን መፈላሰፍ ለኋላ ይቆይ፤ ዳር ይዞ ሞተሩን ማጥፋት ነው። የመጎተቻ ዋጋ ሞተር ከማውረድና ኮሎ ከማስሞረድ ጋር አይወዳደርም።

ጋራዥ ውስጥ የሚቀርቡ ሁለት መፍትሔዎች ያሳስቡኛል። አንዱ ሳይለኩ ሴንሰሩን መቀየር ነው። ሌላው 5 ደብልዩ 30 ለተሠራለት ሞተር 20 ደብልዩ 50 መሙላት። ወፍራም ዘይት የመለኪያውን ንባብ ከፍ ያደርጋል፤ መብራቱም ይጠፋል። ነገር ግን ንባቡ ከፍ ያለው ዘይቱ በጠባቡ ክፍተት ለማለፍ ስለተቸገረ ነው፤ በተለይ በማለዳ ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ ቴስታታው ዘይት የሚያገኘው ዘግይቶ ነው። መኪና ሻጭ ይህን ቢያደርግና ገዢው ባያውቅ ነገሩ ጉድለትን መሸሸግ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካሳወቀ ወዲህ፣ በእጅ ያለው ሞተር ለረጅም ዘመን የሚያገለግል ንብረት ሆኗልና ጉዳዩ የዋዛ አይደለም።

ሞተር ሲነክስ ደግሞ ጣት የሚቀሰረው ሹፌሩ ላይ ነው። “ዘይት አላየም” ይባላል፤ ከደመወዙ ይቆረጥ የሚል አሠሪም አይጠፋም። መለኪያው ዘንግ ሙሉ ሆኖ ከተገኘ ግን ክሱ መሠረት የለውም፤ የተደፈነ ወንፊት፣ የተበላ ፓምፕ ወይም ክፍት የቀረ ቫልቭ ዘንጉ ላይ አይታይምና። ማስረጃ የሚገኘው ሴንሰሩን ፈትቶ በቦታው የግፊት መለኪያ በመግጠም፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በሚኒሞና በ3,000 ዙር አንብቦ ከጥገና መጽሐፉ ጋር በማስተያየት ነው። የነከሰ ሞተር ስለማይነሣ ይህ ልኬት መሠራት ያለበት መብራቱ ብልጭ ማለት የጀመረ ሰሞን ነው። ጊዜ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ውጤቱም ቀኑ ተጽፎበት ከመኪናው ፋይል ጋር ይቀመጥ።